በባሏ ፈንታ የመለሰችው

የመዝጋቢዋ እንጀራ ሰው ሥራ ይኑረው አይኑረው መጠየቅ ነው። ታብሌቷን ታቅፋ በየበሩ ታንኳኳለች። የራሷ ውል በየሦስት ወሩ ስለሚታደስ ጓደኞቿ «ለሥራ አጥነት አንድ ሐሙስ የቀራት ሥራ አጥ ቆጣሪ» እያሉ ያሾፉባታል። እሷም ትስቃለች፤ ሳቋ ግን ከጥርሷ አያልፍም።

አንድ ቀን የአንዲት ልብስ ሰፊ ቤት ደረሳት። ሴትዮዋ የተማሪ ዩኒፎርም እየዘመዘመች ስለ ራሷ መለሰች፤ ቀጥሎ ስለ ባሏ ተጠየቀች።

«ጫማ ፋብሪካ ቆዳ ቆራጭ ነው፤ ከገባ አሥራ ስድስት ዓመቱ። ጠዋት ምሳውን ይዞ ይወጣል፣ ሲመሽ ይገባል። ጻፊው ልጄ፣ እንደሱ ሥራውን የሚወድ የለም።»

መዝጋቢዋ ጻፈች። መመሪያው ግን ከተቻለ ባለጉዳዩ ራሱ ይጠየቅ ስለሚል ቅዳሜ ተመለሰች። ሚስትየዋ ገበያ ወጥታ ባልየውን ብቻውን አገኘችው። በሩ ላይ እንደቆሙ፣ ባለፉት ሰባት ቀናት ለአንድ ሰዓት እንኳ በክፍያ ሠርቶ እንደሆነ ጠየቀችው። ሰውየው አውራ ጣቱ ላይ ያለውን የቢላ ጠባሳ ዳሰሰ።

«ይኼ ነገር የቤቴ ሰው ጆሮ ይደርሳል?»

«አይደርስም ጋሼ። ምስጢር ነው።»

«እንግዲያው አልሠራሁም። ከተቀነስን አራት ወራችን ነው። ጠዋት እወጣና አውቶቡስ ተራ ተቀምጬ እውላለሁ። የክፍት ሥራ ማስታወቂያ አነባለሁ። የምሰጣት ከመሰናበቻዬ ላይ ነው።»

«ለምን አይነግሯትም?»

«ሌላ ሥራ ይዤ ልንገራት ብዬ ነበር። ነገ ዛሬ ስል ነገሩ ከበደኝ። ሥራ ማጣቴንስ ልንገራት፤ መዋሸቴን በምን አፌ?»

መዝጋቢዋ የሚስቱን መልስ ሰርዛ የሱን አሰፈረች። ሌላ ምን ታድርግ?

ሰኞ ዕለት ቢሮ ስትገባ ተቆጣጣሪው ስልክ ይዟል። ከተመዘገቡት ቤቶች ጥቂቱን እየመረጠ መልሱን ማጣራት ሥራው ነው። ቅጹ ላይ የሰፈረው ቁጥር ደግሞ የልብስ ሰፊዋ ነበር።

«ባለቤትዎ ሥራ ካቆሙ አራት ወር ሆኗቸዋል የሚለው ልክ ነው?» ሲል ሰማችው።

ሮጣ ስልኩን ከጆሮው ነጠቀችው። ሴትዮዋ ግን ስልኩን ዘግታለች። ከአፍ የወጣ አፋፍ ሆነና የሚመልሰው ጠፋ።

ከሰዓት በኋላ ይቅርታ ልትጠይቅ ሄደች። ባልየው ልብሱን በፌስታል ይዞ ወንድሙ ቤት ሄዷል። ልብስ ሰፊዋ አላስገባቻትም፤ አላባረረቻትምም።

«ጥፋቱ የኛ ነው እትዬ» አለቻት መዝጋቢዋ።

«የናንተስ ይቅር። ሥራ ማጣቱም አይደለም ያንገበገበኝ፤ ሥራ ያጣ ሞልቷል። አራት ወር ሙሉ ምሳ ስቋጥርለት፣ ‹ዛሬ ሥራ በዛ ወይ?› ስለው ‹በዛ› እያለኝ ተኛ። ለማያውቃት ሴት በር ላይ የነገራትን፣ ለኔ አንድ ትራስ ላይ ተኝቶ ነፈገኝ።»

 በማግስቱ መዝጋቢዋ የተፈጠረውን ሁሉ ጽፋ ለቢሮው ኃላፊ አስገባች። ተቆጣጣሪው «ውልሽ ሊያልቅ ነው፤ ነገር ባታበዢ ይሻልሻል» ብሏት ነበር። አልሰማችውም። ተቆጣጣሪው ማስጠንቀቂያ ተሰጠው፤ የእሷ ውል ደግሞ ከሁሉም ሰው ዘግይቶ ታደሰ። እንቅልፍ ባጣችባቸው በነዚያ ሳምንታት፣ ስለ ውሏ ለእናቷ ትንፍሽ አላለችም።

በሦስተኛው ወር ያው ቤት ለሁለተኛ ዙር ምዝገባ ደረሳት። ሰው እንዲቀይሩላት ለመነች፤ አልሆነም። በሩን ስታንኳኳ የከፈተላት ባልየው ነው። ከስቷል፤ ልብሱ ላይ የዱቄት ብናኝ አለ። ሳሎኑ ጥግ አንድ ፍራሽ ተጠቅልሎ ቆሟል።

«እሱው ይመልስልሽ» አለች ልብስ ሰፊዋ ከጓዳ። ግን ጓዳ አልቀረችም፤ መጥታ መቃኑን ተደግፋ ቆመች።

«ባለፉት ሰባት ቀናት ሠርተዋል?»

«ሁለት ጠዋት። ወፍጮ ቤት ጆንያ አወረድኩ።»

«እንግዲህ በኛ አቆጣጠር ሥራ አለዎት» አለች መዝጋቢዋ፣ አፏ እየከበዳት።

«ደስ ይበለን» አለ፤ ማንም አልሳቀም።

«ተጨማሪ ሥራ ይፈልጋሉ?»

«እፈልጋለሁ።»

«ሥራ በሌለዎት ቀን የት ይውላሉ?» ይህ ቅጹ ላይ የለም። የመዝጋቢዋን አንቱታ ተውሳ የጠየቀችው ሚስቲቱ ናት።

ሰውየው ወደ መዝጋቢዋ አላየም። ወደ መቃኑ ዞሮ፣ ሰኞ የት እንደዋለ፣ ማክሰኞ የማን በር ላይ ቆሞ እንደተመለሰ፣ አንድ በአንድ ይናገር ጀመር። መዝጋቢዋ ታብሌቷን አጥፍታ ቀስ ብላ ወጣች።