ሁለት ፋጢማ መሐሙድ

«አይንኩብኝ!» አለች እንቁ፣ የኮሌጁን ዲን እጅ ከኪቦርዱ ላይ ገፋ አድርጋ። ከዚያ የማንን እጅ እንደገፋች ትዝ ሲላት «ይቅርታ፣ አቶ ስማቸው» ብላ ጨመረች።

«ቁጥር የተለጠፈበትን ስም በሙሉ አጥፊውና ገላግይኝ እንጂ! የተፈታኞቹ ስም ዛሬ ከሰዓት ደሴ መግባት አለበት። ሁለት ጊዜ የተጻፈ ሰው ካገኙ ሁለቱንም ነው የሚሰርዙት።»

«እዚህ ካጠፋሁት ደጎሎ ግቢም ይጠፋል። ያጠፋሁት ትክክለኛው ከሆነ ደግሞ ውጤቱም አብሮ ይሄዳል። እያንዳንዱን ሳላጣራ አልነካም።»

«እንግዲህ ኃላፊነቱ ያንቺ ነው። ኮንትራትሽ ሲታደስ እንነጋገራለን» አሉና በሩን ድርግም አድርገው ወጡ።

ነገሩ እንዲህ ነው። ኮሌጁ ሁለት ግቢ አለው፤ አንዱ መካነ ሰላም፣ ሌላው ደጎሎ። በየግቢው አንድ አንድ ሰርቨር ተቀምጧል፤ የሠልጣኙን ሁሉ ስም የያዘው ማውጫ በሁለቱም ላይ ስላለ አንዱ የጻፈውን ሌላው ወዲያው ይገለብጣል። የመንገድ ሥራ ዶዘር የኔትወርክ መስመሩን በጥሶት ሳይቀጠል ሲሰነብት ግን ሁለቱ ሰርቨሮች እንደተኳረፉ ጎረቤቶች በየፊናቸው ሲጽፉ ከረሙ። እዚህ «ሲስተም የለም» የተባለ ሠልጣኝ በሚኒባስ ደጎሎ ሄዶ እንደገና ይመዘገባል። መስመሩ ተቀጥሎ ሲታረቁ ያው ስም ሁለት ቦታ ተገኘ። ማሽኑ ማንኛውን እንደሚያምን ግራ ሲገባው ሁለቱንም አስቀመጠና በኋለኛው ላይ ረጅም ቁጥር ለጠፈበት።

እንቁ ይህን የምታቃና የኔትወርክ ባለሙያ ናት፤ አንዴ እምቢ ካለች ደግሞ እምቢ ነው። ከጠዋት ጀምሮ ለየሠልጣኙ እየደወለች፣ ደጎሎ ያለውን ባልደረባዋን ሳዲቅን እየጨቀጨቀች፣ አንዱን ከአንዱ ስትለይ ዋለች። ምሳ የሚባል ነገርም አላሰበች። የቀረችው አንዲት ፋጢማ መሐሙድ ነበረች፤ እሷ ላይ ስትደርስ ግን እጇ ቆመ። ሁለቱም ፋጢማዎች ዛሬ ጠዋት፣ በተመሳሳይ ሰዓት፣ አንዷ ከዚህ አንዷ ከደጎሎ ሲስተሙ ውስጥ ገብተዋል። ሰው በምን ተአምር ሁለት ቦታ ይገኛል?

እዚህ ያለችውን ፋጢማ ከልብስ ስፌት ክፍል አስጠራቻት። ልጅቱ የክር ብናኝ እጅጌዋ ላይ እንዳለ መጥታ ስክሪኑን አየችና ሳትጋበዝ ወንበር ላይ ተቀመጠች።

«ደጎሎ ባንቺ ስም የምትገባው ማናት?»

«እኔ እንጃ።»

«ፋጢማ፣ ይሄ አሁን መላክ አለበት። አንዱ መጥፋት አለበት። ማንኛው?»

ፋጢማ ብዙ አላሰበችም። «የኔን አጥፊው።»

እንቁ ደነገጠች። እንዲህ ያለ መልስ ከማንም አልሰማችም ነበር።

«ታናሼ ናት» አለች ፋጢማ። «ሪያድ ልትሄድ ስትል ዕድሜዋ አልደረሰም ብለው ደላሎቹ በኔ መታወቂያ ፓስፖርት አወጡላት። እዚያ ፋጢማ እየተባለች ሰው ቤት ሠራች። በ2006 ሳውዲ ሀበሻውን ስታስወጣ መጣች፤ የተመላሾች ሥልጠና ደግሞ የሚመዘገበው በፓስፖርቱ ስም ነው። ከኔ ጋር አንድ ግቢ መማር ስላልቻለች ደጎሎ ገባች። ወላሂ፣ ከላላ ወረዳ ያለውን የእናታችንን ቤት ቆርቆሮ ያለበሰችው እሷ ናት፤ እኔንም ያስተማረችኝ እሷ። ምን ቤት ነኝና ልቅደማት?»

እንቁ በንዴት ጦፈች፤ በደላሎቹ ይሁን፣ በፓስፖርቱ ይሁን፣ ራሷም አልለየችውም።

«አብሽሪ፣ ማንም አይጠፋም» አለች። «ስሟ ማነው?»

«ፈርሂያ።»

ስሙ ቢቀየር መዝገቡ ያው መዝገብ ነው፤ ውጤቱም ካለበት አይነቃነቅም። እንቁ ይህን ጠንቅቃ ታውቃለች። ግን ያለ ባለስሙ ፈቃድ የሰው ስም አትቀይርም። ሳዲቅ ጋ ደውላ ልጅቱን አስፈለገቻት።

«ሄሎ፣ ፈርሂያ?»

ልጅቱ ይህን ስም ከኮሌጅ ሰው አፍ ስትሰማ የመጀመሪያዋ ሳይሆን አይቀርም።

«አቤት» አለች ፈራ ተባ እያለች።

«እህትሽ ሁሉንም ነግራኛለች፤ አትፍሪ። የአሥረኛ ክፍል ካርድሽ በማን ስም ነው?»

«በራሴ።»

«እንግዲያው መዝገቡን በራስሽ ስም ላደርገው እችላለሁ። ግን ሰርተፊኬትሽ ከፓስፖርቱ ጋር አይገጥምም። ነገ ወደ ሳውዲ ተመልሼ ልሂድ ብትዪ አይጠቅምሽም። አስቢበት።»

«ምኑን አስባለሁ» አለች ፈርሂያ። «እኔ የተማርኩት ለመቅረት ነው። ጻፊው። አሏህ ያግራልሽ።»

እንቁ ጻፈች። ትንሽ ቆይቶ ሳዲቅ በስልኩ «እዚህም ገባ!» ብሎ ጮኸ። ፋጢማ እንባዋን በሻሿ ጠርጋ፣ ምርቃቷን አዝንባ ወደ ስፌቷ ተመለሰች።

አቶ ስማቸው ተመልሰው ሲመጡ ዝርዝሩ ጠርቶ ነበር። ጎንበስ ብለው ከላይ እስከ ታች ካዩት በኋላ ጣታቸውን አንድ ቦታ ላይ አሳረፉ።

«ይቺ ፈርሂያ መሐሙድ ከየት መጣች? ከተመላሾቹ ውስጥ እንዲህ የምትባል አልነበረችም።»

እንቁ እውነቱን ብትናገር ነገሩ ከዚህ ቢሮ ወጥቶ ፖሊስ ጣቢያ እስኪደርስ አይቆምም።

«ሳዲቅ ነው የተሳሳተው?» አሉ ዲኑ።

«አይ፣ እኔ ነኝ» አለች። «መስመሩ ሲመለስ ስሟን ከእህቷ ስም ጋር አምታታሁባት። አሁን አርሜዋለሁ።»

አቶ ስማቸው ቀና ብለው አዩዋት። «ጠዋት በኔ ላይ የጮኽሽው አንቺው አይደለሽ?»

«ነኝ።»

«ይሄን እንግዲህ ማህደርሽ ላይ አሰፍረዋለሁ።»

«ያስፍሩት» አለችና ዝርዝሩን ወደ ደሴ ላከችው።