የሰሃኑ ጥግ

«ስምህን የሚያስጠራ፣ ደጅህን የሚከፍት አንድ ልጅ እንኳ ሳትተው!» እያለች አስለቃሿ ደረቷን ስትደቃ፣ ድንኳኑ ውስጥ ፍራሽ ላይ የተቀመጠችው የዓለምዘርፍ ጥርሷን ነከሰች። ባሏ መምህር ባዘዘው ከተቀበረ ሁለተኛ ቀኑ ነው። ወባ በስድስት ቀን ወሰደችው፤ ገና አርባ ዓመቱ ነበር።

ጎረቤቷ ዓለምሸት የተቀቀለ ጎደሬ ከዳጣ ጋር አቀረበችላት። «ቅመሺ፣ በሞቴ። ከቀብር ወዲህ አፍሽ እህል አልነካም።»

የዓለምዘርፍ ፊቷን አዞረች።

ልጅ ያልወለዱት እግዜር ነስቷቸው አልነበረም። የሚኖሩበት የሚዛን ተፈሪ ሰው ግን እንደዚያ ነበር የሚያውቀው፤ ጠበል ያልጠቆማት፣ ቅጠል ያልቀመመላት ሰው የለም። እውነቱ ባዘዘው አልፈልግም ማለቱ ነው። ከመጋባታቸው በፊት ነግሯታል፤ እሷ ደግሞ «ወንድ ምን የማይለው አለ፣ ሲያድር ይለወጣል» ብላ ገባችበት። አልተለወጠም።

አለመወለድን ያመሰገኑ ሰዎችን ሐሳብ የሚለቅምበት ደብተር ነበረው። የጥንት ግሪኮች፣ የሕንድ መናንያን፣ ልጅ ባለመውለዱ ማንንም አልበደልኩም ብሎ የኮራ ዓይነ ስውር የዐረብ ባለቅኔ፣ ከውሻው ጋር ብቻውን የኖረ ጀርመናዊ ፈላስፋ፣ ሁሉም እዚያ ነበሩ። «ጓደኞችህ ዛሬ ምን አሉ?» ስትለው ይስቅ ነበር። ደግ ሰው ነበር፤ የማያውቀው ሕፃን ሲያለቅስ ከሰማ ሳያባብል አያልፍም።

ሠላሳ ሦስት ዓመት የሞላት ቀን ግን ምሳ ላይ አልቻለችም።

«ብትወደኝ ኖሮ ከእኔ ልጅ ትፈልግ ነበር።»

«ያልተወለደ ልጅ አይርበውም፣ የዓለሜ።»

«እኔስ? እኔን አይርበኝም?»

ባዘዘው እንደ ልማዱ አንዲት ጉርሻ ሰሃኑ ጥግ ላይ ትቶ ተነሣ። ያቺም ጉርሻ ሌላዋ የጠባቸው ምክንያት ነበረች፤ አንድም ቀን ጨርሶ በልቶ አያውቅም። የዓለምዘርፍ ወጧን የናቀባት ይመስላት ነበር።

በሦስተኛው ቀን ታላቅ እህቱ ሰርካዲስ ከቴፒ ማዶ ካለው የሰፈራ መንደር ደረሰች፤ መንገዱ በጭቃ ተዘግቶባት ነው የዘገየችው። ከሰዓት በኋላ ዝናቡ ለቀስተኛውን ሲበትነው፣ የዓለምዘርፍ አጠገቧ ተጠጋች።

«እትዬ ሰርካዲስ፣ እውነቱን ይንገሩኝ። ይወደኝ ነበር?»

ሰርካዲስ ነጠላዋን ሰበሰበች።

«በሰባ ሰባት ከወሎ በጭነት መኪና ሲያመጡን ዘጠኝ ዓመቱ ነበር። ሁለት ዓመት የሞላው ታናሽ ወንድም ነበረን፣ ባየ የሚባል። ባዘዘው ነበር የሚያዝለው። ብስኩት ሲያድሉን የባየን ድርሻ እኔ ተቀበልኩ። ልጁ እጀርባው ላይ ሞቷል፤ እሱ አላወቀም። እንዳይደነግጥብኝ ብዬ ‹ባየ ጠግቧል፣ አንተ ብላለት› አልኩት። በላ።»

«ከዚያ ወዲያ አልነገሩትም?»

«ሲያድግ ነገርኩት። ‹ከመብላትህ በፊት ነው የሞተው፣ አንተ ምንም አላጠፋህም› አልኩት። ምን አለኝ መሰለሽ? ‹ጣፍጦኝ ነበር እኮ› አለኝ።»

የዓለምዘርፍ አፏን በነጠላዋ ጫፍ ያዘች።

«ሊያገባሽ ሲል ቤቴ መጥቶ አለቀሰ። ‹እሷን የምትመስል ልጅ ስትራብ ማየት አልችልም› አለ።»

«ታዲያ ለምን ለእኔ አልነገረኝም?»

«እንዳታዝኚለት ፈርቶ ነዋ። ሰው አዝኖለት እሺ እንዲለው አይወድም ነበር።»

የዓለምዘርፍ ለረጅም ጊዜ አለቀሰች። የዛሬው ለቅሶ ሁለቱን ቀን ካለቀሰችው ይልቅ ቀለላት። ከዚያ ዓይኗን ጠርጋ፣ «ዓለምሸት፣ ጎደሬ አለ?» አለች።

ዓለምሸት ሮጣ አመጣች። የዓለምዘርፍ ዳጣውን እያጠቀሰች፣ እንባዋ እየወረደ፣ ሦስት ቀን የከረመ ረኃቧን በላች። ሰሃኑ ላይ አንዲት ቁራሽ ቀረች።

«እሷንም ጨርሻት፣ በሞቴ» አለች ዓለምሸት።

የዓለምዘርፍ ቁራሿን በጣቷ ወደ ሰሃኑ ጥግ ገፋ አደረገቻት።

«ይህቺ ትቆይ» አለች።