የቤፖ ጀልባ ጀርባ

ቪንካ መሮውን በጀልባው የኋላ ግድግዳ ላይ ትንሽ ገፋ ብታደርገው እስከ እጀታው ጥልቅ አለ። ስትመዘው ከቀዳዳው ጥቁር ቡናማ ውሃ ተንዠቅዥቆ እግሯ ላይ ፈሰሰ፤ ክርፋቱም ተከትሎ መጣ። የሞተ አይጥ በኮምጣጤ ዘፍዝፎ የረሳው ሰው ካለ፣ እንዲያ ነው የሚሸት።

«ኤጭ! እፍ! ግርጎ፣ ና እስቲ አሽትተው!»

«ከዚህም ይበቃኛል» አለ ዋርሳዋ ግርጎ፣ የዓሣ ሣጥን ገልብጦ እንደተቀመጠ፣ ወይኑን በውሃ እየበረዘ። «አልኩሽ አይደል? አትክፈቺው አልኩሽ። ስቱኮ ጠቅ ጠቅ፣ ቀለም ቀባ ቀባ፣ አለቀ! የጀልባ ቂጥ ማን ያያል?»

«ሞተሩ የሚሰቀለው እሱ ላይ ነው አንተ! ሙሽራይቱን መሃል ባሕር ላይ ልጨምራት?»

ጀልባው የባሏ የቤፖ ነበር። ቤፖ ካረፈ ስድስት ዓመቱ ነው፤ ጀልባውም ከዚያ ወዲህ በግቢያቸው በለስ ዛፍ ሥር ሸራ ለብሶ ቆይቷል። ከተማ የሚኖረው ልጃቸው ዱዬ ከሦስት ሳምንት በኋላ ከማዶ ደሴት ሚስት ያገባል። በነሱ መንደር ሙሽራ የምትመጣው በወንዱ ቤት የገዛ ጀልባ ነው፤ የሰው ጀልባ ተውሶ ሙሽራ ያመጣ ቤት እስከ ልጅ ልጅ ይሳቅበታል። አዲሱ ሞተር ደግሞ ከድሮው ሁለት እጥፍ ይከብዳል። ቪንካ ከተማ ባለው የጀልባ ፋብሪካ፣ እስኪዘጋ ድረስ፣ አሥራ ስምንት ዓመት ፋይበር ግላስ ስታነጥፍ የኖረች ሴት ናት። የኋላውን ግድግዳ በመዶሻ ስትመታው «ዱፍ» ሲላት ጊዜ ነገሩ ገባት፤ በሁለቱ የፋይበር ቆዳዎች መካከል የታሸገው ኮምፔንሳቶ በስብሷል።

ግን እውነቱን እንናገር፣ ያን ሰሞን እንቅልፍ የነሣት ጀልባው አልነበረም። ዱዬ በስልክ ቁርጡን ነግሯታል። «እማ፣ የክርስትና እናቴ ማንዳ ምስክር ሆና ካልቆመችልኝ እዚያ ቤተ ክርስቲያን አላገባም። እዚሁ ማዘጋጃ ቤት ፈርመን እንገላገላለን። አንቺም በስልክ እንኳን ደስ ያላችሁ ትዪናለሽ።»

ማንዳ! አበልጇ፣ የአጥር ጎረቤቷ፣ የድሮ ምስጢረኛዋ። ከአሥራ ዘጠኝ ዓመት በፊት ቪንካ እናቷ የሰጠቻትን ቀይ የሱፍ ብርድ ልብስ አጥባ፣ በሁለቱ ቤቶች መካከል ከተዘረጋው ገመድ ላይ ሰጥታው ነበር። ማታ ብታይ የለም። ከነሱ ቤት ሌላ ወደዚያ ግቢ የሚያስወጣ በር ያለው ማንዳ ቤት ብቻ ነው። በማግስቱ እሑድ ነበር፤ ቪንካ ከቅዳሴ በኋላ በቤተ ክርስቲያኑ ደጃፍ፣ መንደሩ ሁሉ በቆመበት፣ «ሌባ!» አለቻት። ከዚያ ወዲህ ሁለቱ ሴቶች ጤና ይስጥልኝ እንኳ ተባብለው አያውቁም። ለዱዬም የመለሰችለት ያንኑ ነው፤ «ሌባ በልጄ ሠርግ አትቆምም። በቃ!»

ግራይንደሩን አስነሥታ የውስጡን ቆዳ ቆርጣ ገነጠለችው። ጉድ እኮ ነው! እንጨት የነበረው ነገር ጥቁር ጭቃ ሆኗል። በእጇ ስትዝቀው በጣቶቿ መካከል ይሙለጨለጫል፣ ነጫጭ ትል ይርመሰመስበታል፤ ጓንቷን አለፈና ጥፍሯ ሥር ገባ። ቤፖ፣ ነፍሱን ይማረውና፣ ብሎን ማስገባት እንጂ ቀዳዳ መድፈን አያውቅም ነበር። ለመሰላሉ ቀዳዳ፣ ለባንዲራው ቀዳዳ፣ ለመብራቱ ቀዳዳ፤ በያንዳንዱ ቀዳዳ ውሃ ሲጠጣ የኖረ ግድግዳ ነው። እሷን ቢጠይቃት በአንድ ቀን ትሠራለት ነበር። አይጠይቃትማ! ጀልባውን ሚስቱ ጠገነችለት ከሚባል ቢሰምጥ ይመርጣል።

ከታች ጥግ ላይ መሮው ጠጣር ነገር ገጨ። ፍቃ ብታየው የመኪና ስቱኮ ነው፤ የሰው ጭንቅላት የሚያህል ድብልብል።

«የመኪና ስቱኮ! ጀልባ ላይ!» ብላ ጮኸች። «የበሰበሰውን ሳያወጣ እላዩ ላይ ለጥፎበት! ማነው ይሄ እንስሳ? እጁ ይቆረጥ!»

ግርጎ ብርጭቆውን ከአፉ አወረደ። «እሱን ተይው» አለ። «ጠንካራ ነው፣ እንዳለ ይቀመጥ።»

«አንተ ደግሞ ዛሬ ምን ሆነሃል?» አለችና በመዶሻ አነከተችው።

ድብልብሉ ለሁለት ተሰነጠቀ። ውስጡ ጨርቅ ነበር። ዳርዳሩ ጠቁሮ፣ እንደ ረጠበ ጠጉር እየተጎተተ ይወጣል፤ አንስታ ስትጨምቀው ያው ግም ውሃ በክንዷ ላይ ወረደ። መሃሉን ግን ስቱኮው አድርቆ ይዞት ነበር። ቀይ ነው። ጥጉ ላይ በነጭ ክር የተጠለፉ ሁለት ወፎች ምንቃር ለምንቃር ገጥመዋል። እናቷ ለሠርጓ የጠለፈቻቸው ወፎች ናቸው።

ሽታውን እስካሁን ችላው ነበር። አሁን ግን ዞር ብላ በለሷ ሥር አስመለሳት።

«ታውቅ ነበር» አለች አፏን በእጅጌዋ እየጠረገች።

ግርጎ መሬት መሬት አየ። «ስቱኮውን የበጠበጥኩት እኔ ነኝ። ሊደርቅብን ሆነ፣ ቀዳዳው ደግሞ እንደ ጉድ ሰፊ! ቤፖ ሮጦ ከገመዱ ላይ ያገኘውን ይዞ መጣ። ወንድ ምን ያውቃል ቪንካዬ፣ ብርድ ልብስ ብርድ ልብስ ነው። ቀስ ብለን እንነግራታለን ስንል፣ አንቺ በማግስቱ ደጀ ሰላም ላይ አፈነዳሽው። ከዚያማ በየት በኩል ይነገር?»

«አሥራ ዘጠኝ ዓመት! አጠገቤ እየተኛ!»

«ሞቷል እኮ፣ ተይው ይረፍበት» አለ ግርጎ፤ ተነሥቶም ድምፁን ዝቅ አደረገ። «ስሚኝ፣ እኔ መላ አለኝ። ጨርቁን ባሕር እንጥለው። አንቺ ማንዳ ጋ ሂጂና ‹ለልጄ ስል ይቅር ብዬሻለሁ› በያት። ትመጣለች። ዱዬም ደስ ይለዋል፣ የቤፖም ስም አይነሣ፤ አንቺም ደግ ሴት ትባያለሽ።»

ክፉው ነገር፣ ለአንድ አፍታ አሰበችው። ይቅር ብዬሻለሁ! አሰበችውና ከእጇ ጭቃ ይልቅ ራሷን ተጸየፈች።

«ቱ!» አለች። «ከፊቴ ጥፋ፣ ግርጎ።»

ጨርቁን እንዳንጠለጠለች፣ መንገዱን እያንጠባጠበች ሄዳ የማንዳን በር አንኳኳች። ማንዳ አረንጓዴውን የመስኮት መዝጊያ ከፈተች እንጂ በሩን አልከፈተችም። ፀጉሯ ጨርሶ ነጥቷል፤ ቪንካ ይህን ከቅርብ ያየችው ገና አሁን ነው።

«ማንዳ፣ ብርድ ልብሱ ... ቤፖ ነው። ጀልባው ውስጥ ወትፎት ነበር።»

«አውቃለሁ። ከገመዱ ሲያወርደው ከዚሁ መስኮት አይቼዋለሁ።»

«አይተሽ! ታዲያ ምነው ሳትነግሪኝ?»

«መቼ ጠየቅሽኝ?» አለች ማንዳ። «አንድ ቀን መጥተሽ ‹ማንዳ፣ ወሰድሽ እንዴ?› ብትዪኝ እነግርሽ ነበር። አልጠየቅሽኝም። ሰው ሰብስበሽ ሌባ አልሽኝ። የገዛ አበልጅሽን።»

ቪንካ ወደ በሩ አንድ እርምጃ ቀረበች።

«ግቢ አልልሽም፣ ቤቴን ታገሚብኛለሽ» አለች ማንዳ። «ሌባ ያልሽኝ ቦታ ታውቂዋለሽ። እሑድ እዚያው ቁሚና ንገሪያቸው። ለልጄማ ያኔ እቆምለታለሁ።» መስኮቱም ተዘጋ።

እስከ ቅዳሜ ቪንካ ጀልባው ላይ ዋለች። ግድግዳውን ደረቁ ፋይበር ነጥቶ እስኪታይ ድረስ ፋቀችው፣ አጠበችው፣ አደረቀችው። አዲስ ኮምፔንሳቶ ቆርጣ፣ ጠርዙን ሁሉ ሙጫ አጠጥታ፣ ሁለት ድርብ አድርጋ አጣበቀችው። በላዩ ፋይበሩን አነጠፈች። ማንም አያግዘኝ አለች። መዶሻ ስታሳርፍበት አሁን ጥርት ያለ ድምፅ ሰጣት። እጇን ግን በሳሙናም በሎሚም ብታሸው ሽታው አልለቀቃትም።

እሑድ ቅዳሴ ሲያልቅ ደጃፉ ላይ ቆመችና ጨርቁን ከፌስታል አወጣችው። ሰዉ አፍንጫውን ይዞ ወደኋላ አፈገፈገ።

«ብርድ ልብሴን የወሰደው ባሌ ነው!» አለች። «ማንዳ አልነካችውም። ሌባ ያልኳት እኔ ነኝ፤ ውሸታም እኔ ነኝ። አሥራ ዘጠኝ ዓመት ሙሉ ሰምታችሁኛል፤ አሁንም ስሙኝ!»

አንድ ወጣት ሣቀና አፉን ያዘ። ግርጎ ጫማውን ያያል። ማንዳ ከደረጃው ቀስ ብላ ወረደች፤ መጥታ የጨርቁን ጥግ በሁለት ጣቷ ያዘችና ወፎቹን አየች።

«እፍ! ይገማል» አለች። አልለቀቀችውም ግን።