ግማሽ ምት የቀደመው ድምፅ

አባቴ ፖስታ ቤት ውስጥ ደብዳቤ በየአቅጣጫው ሲለይ ይውልና ከሥራ በኋላ ሠራተኞቹ ባቋቋሙት ኳየር ውስጥ ይዘምር ነበር። ቦታው ሁለተኛው ረድፍ፣ ወፍራሙን ድምፅ ከሚያወጡት ከቤዞቹ ጋር ነው። ጓደኞቹ «ፈጣን መልእክት» ይሉታል። ይህን ስም ያተረፈው በሥራው ሳይሆን በአንድ ስህተቱ ነው።

እኔ ከመወለዴ በፊት ኳየሩ ሬዲዮ ጣቢያ ሄዶ ባለ ሦስት ክፍል ዝማሬ አስቀርጾ ነበር። ሦስተኛው ክፍል ሲጀምር ቤዞቹ አራት ምት ጠብቀው በአንድነት መግባት ነበረባቸው። አባቴ ሦስት ተኩል ላይ ገባ። ብቻውን። የቴሌግራም ክፍል ኃላፊ የነበረው መሪያቸው ዝማሬው እስኪያልቅ ታገሰና፣ «ይሄኛው አድራሻው ተሳስቷል፣ መልሱት!» አለ። እንደገና ተቀረጹ። ሁለተኛው አንድም እንከን አልወጣለትም።

ግን ጣቢያው ውስጥ የሁለቱ ቀረጻዎች የቴፕ ሳጥኖች ተቀያየሩ። እሁድ ጠዋት የተሰራጨው የመጀመሪያው ሆነ።

አባቴ ሳምንቱን ሙሉ ሰው ፊት ቀና ብሎ ማየት አቃተው። ቅዳሜ የወጣው ጋዜጣ ላይ ግን፣ ማንንም የማይምረው የሙዚቃ አምደኛ እንዲህ ብሎ ጻፈ፦ «በሦስተኛው ክፍል መግቢያ ላይ ከቤዞቹ አንዱ ጓደኞቹን ግማሽ ምት ይቀድማል፤ ጨለማ ክፍል ቀድሞ ገብቶ ለሌሎቹ መብራት እንደሚያበራ ሰው። እንዲህ ያለ ድፍረት በሬዲዮ ሰምቼ አላውቅም።»

ሰኞ መሪው አባቴን ወደ ጥግ ወሰደው።

«ከዛሬ ጀምሮ እንደዚያው ትገባለህ።»

«ኧረ ተሳስቼ እኮ ነው!»

«አጥቼው ነው? አሁን ግን ታስቦበት የተደረገ ነው።»

አባቴ አሥራ አንድ ዓመት በየመድረኩ እያወቀ ተሳሳተ። እናቴ አምዱን አንብባ ነው አዳራሽ የመጣችው። ሦስተኛው ረድፍ ላይ ተቀምጣ ያንን ድምፅ ስትጠብቅ፣ ከሁሉም ቀድሞ አፉን የከፈተውን ቀጭን ጎረምሳ አየችው።

ዛሬ እኔ በዚያው ጣቢያ የድሮ ቀረጻዎች ክፍል እሠራለሁ። የቴፕ ክሮቹን ወደ ኮምፒውተር ሳዛውር ባለፈው ወር የሁለተኛው ቀረጻ ሳጥን እጄ ገባ። ጀርባው ላይ በእርሳስ «ይህ ይሰራጭ» ይላል። ጣቢያው ለምሥረታ በዓሉ «የተመሰገኑ ቀረጻዎች» የሚል ዝግጅት እንዳዘጋጅ ሰጥቶኝ ስለነበር ወደ አለቃዬ ሮጥኩ። የዝግጅቱ ጊዜ ከሁለቱ ቀረጻዎች ለአንዱ ብቻ ይበቃል።

«የተመሰገነው ያኛው አይደል እንዴ?» አለኝ። ከዚያ ፊቴን አየና፣ «አዘጋጇ አንቺ ነሽ፤ እስከ ዓርብ ወስኚ» አለ።

ያን ዕለት እቤት ስገባ አባቴና እናቴ ምሳ ጨርሰው ሳህን አላነሱም። ነገርኳቸው። አባቴ ውኃ ሊጠጣ ያነሳውን ብርጭቆ መልሶ አስቀመጠ።

«አለ? አልጠፋም?»

«አለ፣ አባዬ። ንጹሕ ነው።»

«እንግዲያው እሱን አጫውቺ።»

እናቴ ሳቀች። «አንቺ ልጅ፣ እንዳታደርጊው! እኔ በዚያች ግማሽ ምት ነው ያገባሁት። ትዳሬን በሬዲዮ ልታፈርሺው ነው?»

«እስከ አራት መቁጠር እንደምችል አንዴ እንኳ ይሰማልኝ» አለ አባቴ።

«እኔ እመሰክርልሃለሁ።»

«ቀልዱን ተዪው» አላት። ድምፁ ዝቅ ብሎ ነበር፤ እናቴም ሳቋን ተወች። «ሰውየው ውሸት አልጻፈም። ያማረ ነገር ነው የጻፈው። ግን እኔ ኳየር የገባሁት ከሰው ጋር ልዘምር ነበር። ከዚያች ቅዳሜ በኋላ ሁሉም ቆሞ እኔን ይጠብቃል። አሥራ አንድ ዓመት አንድ ቀን እንኳ አብሬያቸው አልገባሁም።»

እናቴ ሳህኖቹን ሰብስባ ወደ ጓዳ ሄደች። ስትመለስ፣ «ይሄን ለምን ለኔ ነግረኸኝ አታውቅም?» አለችው።

«ስለምትወጂው ነዋ።»

ዓርብ ዝግጅቱን ቀረጽኩ። የአምደኛውን ቃል አንድም ሳላስቀር አነበብኩ፤ ስለ ሳጥኖቹ መቀያየር እውነቱን ተናገርኩ፤ ከዚያ ሁለተኛውን አስገባሁ። እሁድ ጠዋት ሦስታችንም ሬዲዮው አጠገብ ተቀመጥን። እናቴ ከአባቴ ትንሽ ራቅ ብላ ነበር።

ሦስተኛው ክፍል ደረሰ። አባቴ ወደ ፊት ጎንበስ አለ፤ ጣቱ ጉልበቱ ላይ ይቆጥራል። አንድ። ሁለት። ሦስት። ሦስት ተኩል ላይ ትንፋሹን ያዘ። አራት ሲሞላ ቤዞቹ ገቡ። ከመሃላቸው ማንም ቀድሞ አልወጣም፤ ማንም አልዘገየም። ወለሉ የተነሳ ነበር የሚመስለው።

«የቱ ነኝ?» አለ አባቴ በሹክሹክታ።

እናቴ ዓይኗን ጨፍና አዳመጠች። ይህች ሴት አባቴን ከመንገድ ማዶ በሳሉ ትለየዋለች።

«አጣሁህ» አለች።

«እኔም።»

ወንበሩን ተደገፈና እግሮቹን ዘረጋ። ዝማሬ ሲሰማ እግሩን ዘርግቶ አይቼው አላውቅም ነበር።

«እንዲህ ብትዘምር ኖሮ እኮ አላገኝህም ነበር» አለችው እናቴ።

«ቆይ፣ ገና አላለቀም» አላት፤ ወንበሯን ወደ ራሱ እየሳበ።