ከመቶ ሰባት

ሰውየው የትምህርት ቤቱ መዝገብ ቤት ኃላፊ ነው፤ ተማሪ ግን በሹመቱ ጠርቶት አያውቅም። ጋሽ ሚዛን ነው የሚሉት። የልጁን ውጤት አንዴ ገረፍ አድርጎ ያይና መነጽሩን ግንባሩ ላይ ሰቅሎ፣ «አንተ ከመቶ አርባ»፣ «አንቺ ከመቶ ስድሳ» ይላል። ያ ነው የልጁ ዕድል። ዕድል ማለቴ፣ እነዚያ ባሕር ማዶ ያሉት፣ ከስንት ሺህ አመልካች እፍኝ የማይሞላ ሰው የሚቀበሉት ታላላቅ ዩኒቨርሲቲዎች ውስጥ የመግባት ዕድል ነው።

ቀልድ እንዳይመስላችሁ። ሃያ ሦስት ዓመት ሙሉ እሱ አሽጎ ከላከው ፖስታ ውስጥ «አልተቀበልንም» ተብሎ የተመለሰ አንድም የለም። «የጋሽ ሚዛን ደብዳቤ መሬት አይወድቅም» ይባላል። ርዕሰ መምህሩም በየወላጅ ስብሰባው ይቺን ሳይናገር ከመድረክ አይወርድም።

ምስጢሩን ልንገራችሁ? ምንም ምስጢር የለውም፤ የሚወድቀውን አይልክማ! በዚያ ትምህርት ቤት ደንብ ተማሪው ማመልከቻውን ይሞላል፤ እሱን ከውጤት ማስረጃውና ከድጋፍ ደብዳቤው ጋር ግን መዝገብ ቤቱ በአንድ ፖስታ አሽጎ፣ ማኅተም መትቶ፣ ራሱ ፖስታ ቤት ወስዶ ይልካል። በተማሪ እጅ አያልፍም። ጋሽ ሚዛን ታዲያ ከመቶ ሰማንያ በታች የመዘነውን ልጅ፣ «ለዘንድሮ ይቅርብህ የኔ ልጅ፣ እዚሁ ያለውን ሞክር» ብሎ ትከሻውን መታ መታ አድርጎ ይሸኘዋል። እንዲህ እያደረገ ማን ይወድቃል?

አንድ ጊዜ ብቻ «ይቅርብሽ» ማለት አቃተው። ይኸው አሥራ አንድ ዓመቱ።

የአንዲት ልብስ ሰፊ ትልቋ ልጅ ነበረች። ከአንደኛ ክፍል ጀምሮ አንደኝነቷን ለማንም አሳልፋ የሰጠች ልጅ አይደለችም። በር ስታንኳኳ እንኳ የራሷ አመል ነበራት፤ ሁለቴ ቀስ አድርጋ፣ ትንሽ ቆይታ ደግሞ አንዴ። እንደዚያ አንኳኩታ ገባችና ከሁሉም የከበደውን ዩኒቨርሲቲ ስም ጠራች። ጋሽ ሚዛን በልቡ መዘናት። ከመቶ ሰባት። «ይቅርብሽ» ሊል ሲል ዓይኗን አየ።

«እሺ፣ እልክልሻለሁ» አለ።

ደብዳቤውንም ጻፈ። በዕድሜው እንደዚያ ያለ ደብዳቤ ጽፎ አያውቅም፤ ሲጨርስ የራሱ ዓይን እንባ አቅርሮ ነበር። አሸገ፣ ማኅተም መታ፣ ፖስታ ቤት ሄዶ ተሰለፈ። ተራው ደርሶ ሠራተኛዋ «ቀጣይ!» ስትል ግን ባለበት ቆመ። ይቺ ብትመለስስ? ያ ሁሉ ዓመት ያልወደቀ ስሙ በአንዲት ልጅ ምክንያት ሊወድቅ ነው። «ኧረ ለሷው ብዬ ነው» አለ ለራሱ፣ «ልቧ ከሚሰበር።» ሰው ራሱን ሲያታልል እንዴት እንደሚጣፍጠው! ከሰልፉ ወጣ፤ ፖስታውን ይዞ ተመለሰና የጠረጴዛው ታችኛው መሳቢያ ውስጥ ቆለፈበት። ለልጅቷ «ተልኳል» አላት።

ልጅቷ ጠበቀች። መልስ ሲመጣ ልሄድ ነው ብላ እዚያው አገር ያለውን ምዝገባ እንኳ አሳለፈችው። አራተኛው ወር ላይ መጥታ፣ «ጋሼ፣ ምንም አልመጣም» አለችው።

«ለማይቀበሉት ሰው መልስ አይሰጡም፣ የኔ ልጅ። ዝም ካሉ በቃ ዝም ነው።»

ማን ያስተባብለው? ከዚያ ትምህርት ቤት ተልኮ «አይሆንም» የተባለ ሰው የለ! የእምቢታ ደብዳቤ ምን እንደሚመስል በዚያ ግቢ ያየ አልነበረም።

«እሺ ጋሼ» አለች። «ስለደከሙልኝ እግዜር ይስጥልኝ።»

ይቺ ምስጋና ናት የበላችው። ቢሰድቡት ይሻለው ነበር።

በዚያው ዓመት የእናትየው ዓይን ደከመ፤ መርፌ ማየት አቃታት። ልጅቷ ከትምህርት ቤቱ በር ፊት ለፊት ካለችው ፎቶ ኮፒ ቤት ተቀጠረች። ከጋሽ ሚዛን መስኮት ቀጥታ ትታያለች። የማሽኑ ብርሃን ከግራ ወደ ቀኝ ባለፈ ቁጥር ፊቷ በራ ይልና ይጠፋል። ትምህርት ቤቱ ከሚልከው ማስረጃ ሁሉ ቅጂ ማስቀረት ስላለበት ጋሽ ሚዛን በየዓመቱ የጎበዞቹን ወረቀት ተሸክሞ እሷው ዘንድ ይሄዳል። ቀለም በነካው ጣቷ ትቀበለዋለች፤ «ባንድ ገጽ ነው በሁለት?» ትላለች፤ ስትመልስለትም «ይቅናቸው» ትላለች። አንድም ቀን አላማረረችም። ምን ነበር አንዴ እንኳ ብታማርር!

መሳቢያው ደግሞ እረፍት ነሳው። ቆልፎት ይሄዳል፣ ጠዋት ሲገባ ጣት የሚያሾልክ ያህል ተከፍቶ ያገኘዋል። አናጢ ጠራ። አናጢው ጎንበስ ብሎ አየና፣ «ወለሉ ዘንበል ብሏል፣ ቁልፉም አርጅቷል፤ ሌላ ነገር የለውም» ብሎት ሄደ። እሺ፣ መሳቢያው በወለሉ ይሁን፤ በሩስ? በየዓመቱ ማመልከቻ መላኪያው በሚያበቃበት የመጨረሻ ቀን፣ ከቀኑ አሥር ሰዓት ላይ በሩ ይንኳኳል። ሁለቴ ቀስ ብሎ፣ ትንሽ ቆይቶ ደግሞ አንዴ። ሲከፍተው ማንም የለም፤ ኮሪደሩ ጭር ብሎ ጫፉ ላይ የጽዳት ባልዲ ብቻ ተቀምጧል። ለሚስቱ ቢነግራት «ደም ግፊትህን ተለካ» አለችው። ተለካ። ደህና ነው።

ዘንድሮ ትንሿ እህት መጣች። ታላቋ ስትጨርስ ገና ቁጥር የማታውቅ ልጅ ነበረች፤ አሁን አንደኛ ሆና ወጣች። ለሁለት ዩኒቨርሲቲዎች ነው የምታመለክተው፤ አንዱ ያው እህቷ የጠየቀችው ነው። ወረቀቷን ጠረጴዛው ላይ ዘርግታ ቆመች።

«ይመዝኑኛ፣ ጋሼ።»

አያት። ከእህቷ በጥቂት ታንሳለች፤ አመልካቹ ደግሞ ከያኔው በዝቷል። «ከመቶ አምስት» አለ፣ ተስፋ እንድትቆርጥለት።

«አምስት!» አለችና ሳቀች። «እኔ ደግሞ ምንም የለሽም ሊሉኝ መስሎኝ ስንቀጠቀጥ! እህቴ ምን ብላኛለች መሰልዎት? ‹ጋሽ ሚዛን ብቻ እሺ ይበልሽ። ለኔ የሚቻለውን ሁሉ አድርጓል፣ እኔ ነኝ ያልሆንኩት።›»

እኔ ነኝ ያልሆንኩት አለች! ከጋሽ ሚዛን እግር አጠገብ መሳቢያው ሲጢጥ ብሎ የተከፈተ መሰለው፤ ወደ ታች ግን አላየም።

«እልክልሻለሁ» አለ።

ደብዳቤውን ጻፈና ለቅጂ ወደ ታላቅየዋ ወሰደው። ማሽኑ ላይ ከመድፋቷ በፊት አንዴ ዓይኗን ጣል አደረገችበት፤ ከዚያ መተው አልቻለችም፣ እስከ ታች አነበበችው።

«ጋሼ፣ የኔም እንዲህ ነበር?»

«የአንቺ ይበልጥ ነበር» አለ። በአሥራ አንድ ዓመት ውስጥ ለእሷ የተናገረው እውነት ይቺ ብቻ ናት። እሷም ፈገግ አለች፤ የቅጂውን ሂሳብ አልቀበልም ብላ መለሰችው።

ፖስታ ቤት ሄደ። ያው ሰልፍ፣ ያው መስኮት። «ቀጣይ!» ሲባል ሁለቱንም ፖስታ በመስኮቱ ገፍቶ አስገባ። የመላኪያው የመጨረሻ ቀን መጥቶ አሥር ሰዓት ሆነ፣ አሥራ አንድ ሆነ፤ በሩ አልተንኳኳም። ተገላገልኩ አለ። ለታናሽየዋ በሠራው የታላቅየዋን ያካካሰ መስሎት፣ ከስንት ጊዜ በኋላ ከኮሪደሩ ጫፍ እስከ ጫፍ እያፏጨ ሄደ።

እውነትና ንጋት እያደር ይጠራል ይባል የለ? በሦስተኛው ወር ትንሿ ወደ ፎቶ ኮፒ ቤቱ ስትሮጥ ከመስኮቱ አያት። በአጋጣሚ እሱም የሚገለበጥ ወረቀት ነበረው፤ ተከትሏት ገባ። ልጅቷ ፊቷ ቀልቷል።

«አንደኛው እምቢ አለኝ» አለች። «ይኸው፣ በስሜ ጽፈው። ‹ማመልከቻሽን በጥሞና አይተናል፤ እናዝናለን› ይላል። ደብዳቤዎ በኔ ምክንያት መሬት ወደቀ፣ ጋሼ፣ ይቅር ይበሉኝ።»

ጋሽ ሚዛን አልሰማትም። እሱ የሚያየው ታላቅየዋን ነው። ወረቀቱን ከእህቷ እጅ ወስዳ አነበበችው፤ ገልብጣ ጀርባውን አየች፤ እንደገና አነበበችው።

«ለካ ለማይቀበሉትም ይመልሱለታል» አለች ቀስ ብላ።

ቀና ብላም አየችው። ጋሽ ሚዛን ያመጣውን ወረቀት ሳያስገለብጥ መንገዱን እንዴት እንደተሻገረ እሱም አያውቀው።

ሦስት ሳምንት እንዲሁ አለፈ። ትመጣለች ብሎ ይጠብቃል፤ አትመጣም። ትጮኻለች ይላል፤ የለም። ከመስኮቱ ሲያያት ብርሃኑ ፊቷ ላይ ይመጣል፣ ይሄዳል፤ እሷ ወረቀት ታገላብጣለች። አንዴ ቀና ስትል ዓይን ለዓይን ተጋጩና መጋረጃውን ጎተተ። እራቱን ሳይነካ ይነሳል። ሚስቱ «ምን ሆነሃል?» ስትለው «ወለሉ ዘንበል ብሏል» አላት፤ ሴትየዋ ደነገጠች።

ከዚያ ሁለተኛው መልስ መጣ። ተቀበሏት! ያው የእህቷ ዩኒቨርሲቲ፣ ከሙሉ ወጪዋ ጋር። ግቢው ቀውጢ ሆነ። ርዕሰ መምህሩ ደረጃው ላይ ቆሞ፣ «የጋሽ ሚዛን ደብዳቤ መሬት አይወድቅም ብያችሁ አልነበር!» እያለ ያጨበጭባል፤ ያቺን የመጀመሪያዋን እምቢታ ዋጥ አድርጓታል። ልብስ ሰፊዋ እናት በሰው ተደግፋ መጥታ እልል ትላለች። ጋሽ ሚዛን ቢሮው ገብቶ በሩን ዘጋ።

በሩ ተንኳኳ። ሁለቴ ቀስ ብሎ፣ ትንሽ ቆይቶ ደግሞ አንዴ።

አልተነሳም። ያው የለመደው ነው፣ ሲከፍቱት ባዶ። ግን እንደገና ተንኳኳ፤ ያ የየዓመቱ ማንኳኳት ተደግሞ አያውቅም ነበር።

«ይግቡ» አለ።

ታላቅየዋ ሽርጧን እንዳደረገች ገባች። አልተቀመጠችም።

«ጋሼ፣ ፖስታው አለ?»

ያን ሁሉ ዓመት ያጠናው ምክንያት፣ ለአንቺው ብዬ ነው፣ ልብሽ እንዳይሰበር ነው፣ ሁሉንም ተወው። ተንበርክኮ ቁልፉን አዞረ። በየጠዋቱ ራሱን ሲከፍት የኖረ መሳቢያ አልከፈት አለ። ጎተተ፣ ነቀነቀ፣ ላብ አጠመቀው። እሷ ጎንበስ ብላ አብራው ሳበች፤ ያን ጊዜ ተከፈተ።

ፖስታው ወይቧል፤ ማኅተሙ ግን እንደተመታ ነው። እጇን በሽርጧ ጠርጋ ተቀበለችው። አልከፈተችውም።

«ስንት ነበር የኔ?»

«ምኑ?»

«ዕድሌ። ለሰው ሁሉ ይናገራሉ፤ ለኔ አልነገሩኝም።»

«ከመቶ ሰባት» አለ፣ እንደተንበረከከ።

«የእህቴስ?»

ታውቀዋለች። ትንሿ በዚያን ዕለት እየሳቀች ነግራታለች። እሱም ማወቋን ያውቃል።

«አምስት።»

ከውጭ ጭብጨባው ይሰማል። እሷ ፖስታውን አንዴ ወደ ደረቷ አስጠጋችው፤ ደግሞ ራቅ አደረገችው።

«ሰባት ነበርኩ» አለች። እንባዋ መጣ፤ በቀለም ጣቷ ጠረገችውና ጉንጯ ላይ ጥቁር መስመር ቀረ። «ተስፋ የላትም ብለው ያስቀሩኝ መስሎኝ ነበር። ሰባት እያለኝ!»

«ይቅር በይኝ» አለ። «የፈራሁት ለስሜ ነው። ለአንቺ አልነበረም።»

«አውቄዋለሁ» አለች። ይቅር ብያለሁ ግን አላለችም። በሩ ጋ ስትደርስ ዞር አለች። «ለእሷ እንዳይነግሯት። ደስታዋን አልነካባትም።»

ወጣች። ጋሽ ሚዛን ጠረጴዛውን ተደግፎ ተነሳና መስኮቱ ጋ ሄደ። መንገዱን ተሻገረች፤ በሯ ላይ አንዲት ተማሪ የውጤት ወረቀቷን ይዛ ትጠብቃታለች። ፖስታውን ማሽኑ ሥር አስቀመጠችው፤ ከተማሪዋም ወረቀቱን ተቀበለች። ድምፅ አይሰማም፤ አፏ ሲንቀሳቀስ ግን ምን እንደምትል ከአሥራ አንድ ዓመት በኋላ አይጠፋውም። «ባንድ ገጽ ነው በሁለት?» አለቻት።