የጠላት ኳስ እዚህ አያድርም

«ወርውሪው!»

ሎሬታ ፓቭሊክ ጣቷን ቀስራ አግዳሚው ላይ ቆማለች። ከግራው አጥር ጀርባ የተሰበሰበው ሰው ሁሉ እግሩን ብረቱ ላይ እየደበደበ «ወርውሪው! ወርውሪው!» እያለ ይከተላታል።

ኳሷን የያዘችው አረንጓዴ ሹራብ የለበሰች ወጣት ነች። ከዚህ በፊት እዚህ መጥታ አታውቅም። በሦስተኛው ዙር ከተቃራኒው ቡድን፣ ከጭልፊቶቹ፣ አንዱ የመታት ኳስ አጥሩን ዘላ እግሯ ስር ስትወድቅ፣ ልጅቷ ሎተሪ እንደወጣለት ሰው ጮኻ ነበር ያነሳቻት። አሁን ግን በሁለት እጇ ደረቷ ላይ አቅፋት ዓይኗ ይቅበዘበዛል።

«ለእናቴ ልወስድላት ነበር። ታማ ተኝታለች፤ ቤዝቦል ነፍሷ ነው» አለች።

«እናትሽን እግዜር ይማርልሽ» አለች ሎሬታ፣ «ግን የጠላት ኳስ እዚህ አያድርም። የኛ ልጆች የመቱት ቢሆን ስሜሽ ነበር የማሳልፍሽ። ወርውሪው!»

ልጅቷ ፊቷ ቀላ። ኳሷን አንዴ አየቻት፤ ከዚያ ወደ ሜዳው ወረወረቻት። ሰዉ በጭብጨባ አበደ። ልጅቷ ግን ከንፈሯን ነክሳ ቁጭ አለች።

«አንቺ ሴትዮ፣ አንጀትሽ ከምንድን ነው የተሠራው?» አለ ከጎኗ የተቀመጠው ኦቲስ። ጡረታ የወጣ ፀጉር አስተካካይ ነው፤ ስታዲየም ውስጥ ጎረቤታሞች ከሆኑ ወዲህ ልጆቻቸው አድገው አግብተዋል።

«ሕግ ሕግ ነው» አለችው።

ሕጉን ያወጣችው እሷ አይደለችም። ጠባቂዋ ግን እሷ ነች። የተቃራኒ ቡድን መትቶ ወደ ሕዝቡ የሰደዳትን ኳስ ይዞ ቤቱ መግባት የፈለገ ሰው በሎሬታ በኩል ማለፍ አለበት። ባለፈው ዓመት አንድ ግዙፍ የፖሊስ መኮንን ሳይቀር አስወርውራለች። እሷ ራሷ ግን በዚህ ሁሉ ዘመን አንዲት ኳስ እንኳን፣ የወዳጅም የጠላትም፣ እጇ ገብታ አታውቅም። ወይ ከፊቷ ወንበር ወይ ከኋላዋ ትወድቃለች፤ ዕድሏ ነው።

የፖርት ማርሎ ፋኖሶች ደጋፊ መሆን ማለት በየዓመቱ በፀደይ መታለል ማለት ነው። በረዶው ሲቀልጥ «ዘንድሮስ» ይባላል። ሐይቁ ለዋና ሲሞቅ ወርዋሪዎቹ ክንዳቸውን ያማቸዋል፣ መቺዎቹ አየር ይመታሉ። ቅጠሉ ሲረግፍ ሎሬታ «እርሜ ነው፣ ዳግመኛ እግሬን አላነሳም» ትላለች። ባሏ ሬይ ይህን መሐላ ለምዶታል፤ ስትምል ሰምቶ እንዳልሰማ ጋዜጣውን ይገልጣል።

የዘንድሮው ግን ከሁሉም የባሰ ነበር። ዘንድሮ ዴስሞንድ ታልበርትን ሸጡት።

ሎሬታ የምትሠራው በሊንከን ጎዳና ትምህርት ቤት ወጥ ቤት ነው። ዴስሞንድን ከጉልበቷ የማይበልጥ ቀጫጫ ሆኖ ነው የምታውቀው። ዓርብ ዓርብ ፒዛ ሲኖር ሰልፉን ጨርሶ እንደገና ከመጨረሻ ይሰለፋል፤ ያላየች መስላ ትጨምርለታለች። እሷ ዘንድ ጥብቅ የሆነው ነገር አንድ ነው፦ ሳህኑን መልሶ «ደህና ይዋሉ፣ ሚስ ሎሬታ» ሳይል የሚወጣ ልጅ የለም። ያ ልጅ አደገና ለከተማው ቡድን ሲፈርም ወጥ ቤቱ ውስጥ እልል ያለችው እሷ ነበረች። ሁለት ዓመት ሙሉ ከእሷ ፊት ለፊት፣ ግራ ሜዳ ላይ ሲጫወት አየችው። አንድ ዓመትማ ዋንጫውን ሊነኩት ተቃርበው ነበር፤ ያን ጊዜ ከኦቲስ ጋር ተቃቅፈው አልቅሰዋል።

ከዚያ በበረዶው ወራት አጋማሽ የቡድኑ ባለቤት ልጁን ለጭልፊቶቹ ሸጠው። ለጭልፊቶቹ! ይህ ራሱ ጨጓራን ይልጣል። የባሰው ደግሞ ዴስሞንድ በሳምንቱ በቴሌቪዥን ቀርቦ «በመጨረሻ ማሸነፍ የሚያውቁ ሰዎች ጋር መጣሁ» አለ። ደህና ሁኑ የለ፣ አመሰግናለሁ የለ። ሎሬታ ያን ስትሰማ ደሟ ፈላ፤ ቴሌቪዥኑን አጥፍታ ሳህን ማጠብ ጀመረች፤ የታጠበውን ሳህን።

ዛሬ ዴስሞንድ የጭልፊቶቹን መለያ ለብሶ መጣ።

«ልጁን ልትጮሂበት ነው?» ብሏት ነበር ሬይ ጠዋት።

«ጆሮው እስኪደነቁር» አለችው። «ከሌላው ሰው ሁሉ ለይቶ የኔን ድምፅ እንዲሰማ ነው የምፈልገው።»

ያለችውንም አደረገች። ዱላውን ይዞ በወጣ ቁጥር «ከሃዲ!» አለችው። ዙሩ ተገልብጦ ግራ ሜዳ ላይ፣ ከእሷ በታች፣ ጀርባውን ሰጥቷት ሲቆም «ምነው፣ አንገትህ አይዞርም?» አለችው። አንገቱ አልዞረም። ይህ ደግሞ ይበልጥ አንጀቷን አሳረራት።

በአምስተኛው ዙር ግን ሰማይ ተከፈተ። ፋኖሶቹ ባልታሰበ ሁኔታ ነጥብ በነጥብ ላይ ደራርበው አራት ለአንድ መሩ። ኦቲስ ባርኔጣውን ገልብጦ አደረገ፤ ይህን የሚያደርገው ተስፋ ሲኖረው ብቻ ነው።

«አውርደው! አውርደው፣ ሟርተኛ!» አለችው ሎሬታ።

«ሦስት ነጥብ እየመራን?»

«እነዚህን ልጆች አታውቃቸውም እንዴ?»

አወቃቸው። በስምንተኛው ዙር አሠልጣኙ ምን እንደታየው እንጃ፣ ደህና ሲወረውር የነበረውን ልጅ አስወጥቶ ሌላ አስገባ። አዲሱ ወርዋሪ ኳስ ሳይሆን ድንች የሚወረውር ይመስላል። ሦስቱም የሩጫ ማዕዘኖች በጭልፊት ሯጮች ሞሉ። ዱላውን ይዞ የወጣው ደግሞ ዴስሞንድ ነው።

«አሁን ገና ጉዳችን ፈላ» አለ ኦቲስ፣ ባርኔጣውን እያስተካከለ።

ሎሬታ ለመጮህ አፏን ከፈተች። ድምፁ ከመውጣቱ በፊት የዱላው ጩኸት ተሰማ፤ ጥርት ያለ ድምፅ ነው፣ ደጋፊ ሲሰማው ሳያይ የሚያውቀው። ኳሷ ወደ ላይ ወጣች። ትንሽ ሆነች፣ ከዚያ እያደገች መጣች። ሎሬታ ባርኔጣዋን አውልቃ ዘረጋችው፤ ለምን እንደዘረጋችው አታውቅም። ጧ አለች፤ ኳሷ ባርኔጣው ውስጥ ገባች።

በአንድ ምት አራት ሰው ገባ፤ አምስት ለአራት። ጭልፊቶቹ መሩ።

ሎሬታ ኳሷን አወጣቻት። ቆዳዋ ሞቅ ይላል፤ ዱላው የነካት ቦታ ጠቁሯል። ስንት ዓመት ስትጠብቃት ቆይታ አሁን፣ በዚህ ልጅ እጅ፣ በዚህ ሰዓት ትምጣ? ወይ ጣጣ!

«ወርውሪው!» አለ አንድ ሰው ከኋላ፣ እየሳቀ። ከዚያ ሌላ። ከዚያ ሁሉም። እግር ብረቱን መደብደብ ጀመረ። ከሁሉም የሚበልጠው የባለ አረንጓዴ ሹራቧ ልጅ ድምፅ ነበር፤ ወንበሯ ላይ ወጥታ ጣቷን ቀስራለች።

«ይወርውሩት እንጂ! የጠላት ኳስ እዚህ አያድርም!»

ሎሬታ ኳሷን በሁለት እጇ ደረቷ ላይ አቀፈቻት። ኦቲስ ወደ ጆሮዋ ጠጋ ብሎ፣ ኮቱ ኪስ ውስጥ ያለች አሮጌ ኳስ በጣቱ አሳያት።

«ይቺን ወርውሪያት። ማን ያውቃል?»

«ይህን ሁሉ ዘመን የውሸት ኳስ ይዘህ ነው አጠገቤ የምትቀመጠው?»

«ለክፉ ቀን ብዬ ነው። ይኸው መጣ አይደል?»

«አስገባት፣ ኦቲስ። እኔ ሳላፍር አንተ ታሳፍረኛለህ?»

«እና ወርውሪያ!»

«እወረውራለሁ። ሲመጣ።»

«ማን ሲመጣ?»

በአገጯ ወደ ግራ ሜዳ ጠቆመችው። ሰዉ መበሳጨት ጀመረ። ከላይ የተቀመጠ አንድ ጎረምሳ «ለሌላው ሲሆን ሕግ፣ ለእርስዎ ሲሆን ጌጥ!» አላት፤ የፈንዲሻ ካርቶን ጀርባዋ ላይ አረፈ። እውነቱን ነው። ፊቷን ወደ ሜዳው አዞረች። እነዚህ ሰዎች ስሟን ያውቃሉ፣ ልደቷን ያውቃሉ፣ እናቷ ስትሞት አበባ የላኩ ናቸው። አሁን የሚያዩዋት እንደ ሌባ ነው።

ዙሩ ተገለበጠ። ዴስሞንድ ጓንቱን እያጠለቀ ወደ ግራ ሜዳ ሮጦ መጣ። ጀርባውን ሰጥቶ ቆመ። ሎሬታ ደረጃውን ወርዳ አጥሩ ላይ ተደገፈች። «ከሃዲ» ልትለው ነበር የወረደችው። ከአፏ የወጣው ግን ሌላ ነው።

«ዴስሞንድ ታልበርት! ሳህንህን ሳትመልስ ነው የወጣኸው!»

ቀኑን ሙሉ ያልዞረው አንገት ዞረ። ልጁ ባርኔጣውን አወለቀ፤ ያደገ፣ ትከሻው የሰፋ ሰውዬ፣ እንደዚያ ዘመን ቀጥ ብሎ ቆመ።

«ሚስ ሎሬታ! አሁንም እዚሁ ነዎት?»

«የት ልሂድ? ማሸነፍ የሚያውቁ ሰዎች ጋር?»

ልጁ መሬት መሬት አየ። «ምሳዬን እየበላሁ ነው በስልክ 'ተሸጠሃል' ያሉኝ። ሳልጨርስ አውሮፕላን ላይ ጫኑኝ።»

«በቴሌቪዥን ያወራኸውንስ ማን ጫነህ?»

«እሱ የኔ ጥፋት ነው» አለ። «ተናድጄ ነበር። የተናደድኩት ደግሞ በእናንተ አልነበረም።»

ሎሬታ ልጁ ከተሸጠበት ቀን ጀምሮ ያጠራቀመችው ስድብ ሁሉ አፏ ላይ ነበር፤ አንዱም አልወጣም። ኳሷን ከስር ወደ ላይ አድርጋ፣ ለሕፃን እንደሚወረወረው፣ ወረወረችለት። ልጁ ቀለባት። ከጀርባዋ ያለው ሰው «እሰይ!» ብሎ ፈነዳ፤ ሕጉ ተከበረ፣ ሎሬታችን ሎሬታ ነች!

ዳኛው ጨዋታ እንዲጀመር በእጁ ምልክት ሰጠ። ዴስሞንድ ኳሷን አገላብጦ አያት። ከዚያ መልሶ ወደ ላይ ወረወራት፤ ሎሬታ ሳታስበው በባርኔጣዋ ተቀበለቻት።

«የእርስዎ ናት» አለ። «ደህና ይዋሉ፣ ሚስ ሎሬታ።»

ጭብጨባው እንደተቆረጠ ገመድ ወደቀ። ወዲያው «ወርውሪው! ወርውሪው!» እንደ አዲስ ተጀመረ።

«ወርውሬያለሁ!» ብላ ጮኸች ሎሬታ ደረጃውን እየወጣች። «አንዴ ወርውሬያለሁ! የመለሰው እሱ ነው፣ እሱን ጠይቁት!»

ማንም አልሳቀም። ከኦቲስ በስተቀር፤ እሱም ሳቁን በመሐረብ አፍኖታል። ኳሷን ቦርሳዋ ውስጥ ከተተች፣ ዚፑን ዘጋች፣ ቦርሳውን ጉልበቷ ላይ አድርጋ ተቀመጠች። ጆሮዋ ይነዳል። ፋኖሶቹ በዚያ ዙር እንደ ወትሯቸው ሦስት ጊዜ አየር መትተው ወጡ።

በዘጠነኛው ዙር አንድ ስሙን እንኳን የማታውቀው ጭልፊት ሌላ ኳስ አጥሩን አሳለፈ። ስድስት ለአራት። አለቀ፣ ደቀቀ፤ ተስፋ የሚባል ነገር የለም። ኳሷ አንድ የሥራ ልብስ የለበሰ ራሰ በራ ሰውዬ እጅ ገባች። ሰውዬው ኳሷን ይዞ ፈራ ተባ እያለ ሎሬታን አያት። ኦቲስ አያት። ረድፉ ሁሉ ዞሮ፣ ተነስታ እንድትጀምር ጠበቃት።

ሎሬታ ጎንበስ ብላ የጫማዋን ክር ማሰር ጀመረች። ክሩ አልተፈታም ነበር።

በመጨረሻ ከፊቷ ረድፍ ባለ አረንጓዴ ሹራቧ ልጅ ብድግ ብላ ጣቷን ቀሰረች።

«ወርው—»

ሎሬታ የሹራቧን ጫፍ ይዛ ወደ ታች ሳበቻት።

«ተቀመጪ፣ ልጄ» አለቻት። «ለእናቱ ይሆናል።»