የማክሱን የዕድሜ ፎቶ

ፒዮ ጊልሱ ግራ ገብቶታል። ዓለምን ዞሮ የጨረሰ ሰው፣ በገዛ ሳሎኑ ከገዛ ሚስቱ ፊት ቆሞ የሚይዘው የሚጨብጠው ጠፍቶታል።

ማክሱን ሐሙስ ለልብ ኦፕራሲዮን ሆስፒታል ትገባለች። ከዚያ በፊት የዕድሜ ፎቶዬን አንሣኝ ብላዋለች። በአገራቸው ልማድ በዕድሜ የገፋ ሰው በቁሙ ሲነሣው ዕድሜ ያረዝማል ይባላል፤ ቀኑ ሲደርስ ደግሞ ጥቁር ሪባን ታስሮበት ለቀስተኛ የሚሰግድለት ያው ፎቶ ነው። የሰፈሩ አሮጊቶች ሁሉ ተነሥተው ቁም ሣጥን ውስጥ አስቀምጠዋል። የቀረችው የፎቶ አንሺው ሚስት ብቻ ናት። ይኼ እንኳ ያሳፍራል።

ሐምራዊ የበዓል ቀሚሷን ለብሳ፣ እጇን ጉልበቷ ላይ አድርጋ ተቀምጣለች። ጊልሱ ያነሣል፣ ያያል፣ ይተወዋል።

"ይቺ እሷ አይደለችም" አለ ካሜራውን ለሴት ልጁ ለኢንጁ እያሳየ።

"አባዬ፣ ቁርጥ ራሷ ናት እኮ።"

"አይደለችም። የባንክ ዘበኛ ነው የምትመስለው።"

"እሰማለሁ" አለች ማክሱን ከወንበሯ።

እሱ እኮ ግመል ነጂውንም፣ የበረዶ አገሩን ዓሣ አጥማጅም ቋንቋቸውን ሳያውቅ አስቆ ያነሣ ሰው ነው። ዛሬ ያ ሁሉ ዘዴ የት እንደገባ እንጃ። ፊቱን እንደ ዝንጀሮ አጣመመላት፤ "ሞኝ" አለችው እንጂ አልሳቀችም። መጋረጃውን ዘጋ፣ ከፈተ፣ ወንበሩን አዞረ። የሚፈልገውን ፊት በደንብ ያውቀዋል፤ የት እንዳየው ግን ጠፋበት። ቤቱን በሞላው የፎቶ ሣጥን ውስጥ ቢፈልግም የእሷ አንድ እንኳ የለም። ሐሙስ ሄዳ ባትመለስስ? ፈራ።

"ተወው በቃ" አለች ማክሱን። "ገበያው ጋ ያለው ልጅ ያነሣኛል። የፊቴን መጨማደድ ከነጭራሹ እንደ ልብስ ይተኩሰዋል።"

ይኼ አናደደው። ካሜራው አንገቱ ላይ እንደተንጠለጠለ የዕቃ ቦርሳውን አፈፍ አድርጎ ወጣ። ደረጃው ላይ ሲደርስ ወዴት እንደሚሄድ አላወቀም። ቆሞ ቆሞ አፈረና ተመልሶ ደወሉን ደወለ።

ማክሱን ከፈተችለት። ያ ፊት መጣ።

ለካ ሁልጊዜም እዚሁ በሩ ላይ ነበር። ከስንት ወር መንገድ ሲመለስ ትከፍትለታለች፣ ፊቷ ይበራል፣ ቦርሳውን ትቀበለዋለች፣ ወዲያው ጀርባዋን አዙራ ሾርባ ልታሞቅ ወጥ ቤት ትገባለች። አንድ አፍታ ናት። በዚያች አፍታ ደግሞ እጁ በዕቃ እንደተያዘ ነበር። በዚህ ሁሉ ዘመን ያያት ያችን ያህል ብቻ ነው።

ዛሬም ሁለት እጇን ወደ ቦርሳው ዘረጋች። ቦርሳውን መሬት ላይ ለቀቀውና በካሜራው አነሣት።

ኢንጁ ፎቶውን ስታይ ሳቅም እንባም መጣባት። "አባዬ፣ ይኼ እንዴት ይሆናል? እጇን ዘርግታ እኮ ነው። ለቀስተኛው ሁሉ ቦርሳውን ሊሰጣት ነው?"

"ይስጠኛ" አለች ማክሱን። "ደክሟቸው አይደል የሚመጡት።"

ሐሙስ ጠዋት ኢንጁ መኪናውን ልታስነሣ ወረደች። ሆስፒታሉ አንድ አስታማሚ ብቻ ነው የሚፈቅደው። ማክሱን ትንሽ ሻንጣዋን ይዛ በሩ ላይ ጫማዋን አጠለቀች። ጊልሱ ከውስጥ በኩል ቆሟል። እዚህ ቦታ ቆሞ ሰው ሸኝቶ አያውቅም፤ እጁን የት እንደሚያደርገው እንኳ ጠፋው።

"ምንድን ነው የሚባለው?" አላት። "እኔ ስሄድ አንቺ ምን ታደርጊ ነበር?"

"ምንም። በሩን እዘጋና ወርደህ እስክትጨርስ ኮቴህን እሰማ ነበር።"

ወጣች። በሩን ዘግቶ ጆሮውን ለጠፈበት። ቀስ ያለ ኮቴዋ ወረደ፣ ወረደ፣ ሁለተኛው ፎቅ ጋ ሲደርስ ቆመ። ጊልሱ ትንፋሹን ዋጠ። ከዚያ ኮቴው እንደገና መውረድ ጀመረ።